የካፖራሉ ልደትና የዶሮዋ ፈረሰኛ

ልደት የሚባለው ነገር ዛሬ ዛሬ በየቤቱ ገብቷል። የልጅ ልጆቼ በዓመት አንድ ቀን ከበው ያስቀምጡኝና ኬክ ላይ ሻማ ሰክተው፣ ለኩሰው፣ ወዲያው ደግሞ እፍ በይው ይሉኛል። እኔ ሻማ ለታቦት ሲበራ እንጂ በትንፋሽ ለመጥፋት ሲበራ አይቼ አላውቅም። ሊያጠፉት ከሆነ ለምን ለኮሱት? ይህን ስጠይቅ ይስቃሉ፤ እናንተም ትስቁ ይሆናል። ደግሞስ ቀኑ ያ መሆኑን ማን ነገራቸው? እናቴን ስንት ጊዜ ወትውቼ ያገኘሁት መልስ፣ ጤፉ ሲታጨድ ነው፣ ያን ሰሞን ዝናብ ያለ ወቅቱ ጥሎ አበሳችንን አሳየን፣ የሚል ብቻ ነው። ልጆቼ ከዚህ ተነሥተው ቀን ቆርጠውልኛል። እኔም ኬኩ ስለሚጣፍጥ አልተከራከርኩም።

በኛ ጊዜ ልደት የጌታ ነበር፤ የቀረነው ተወልደናል፣ አለቀ። ሰው ቀኑ የሚቆጠርለት ሲሞት ነው፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ እየተባለ። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሰው በቁሙ፣ ምንም ሳይሆን፣ ለራሱ ሲያስደግስ መጀመሪያ ያየሁት በጣልያን ጊዜ ነው። ድግሱን የሠራሁትም እኔው ነኝ። እስቲ እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ፤ ስትሰሙ ግን ቶሎ አትፍረዱብኝ።

ባሌ አንዳርጌ ጣልያን ከተማችን እንደገባ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ወረደ። እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱንም ወሰዱት፤ ትልቁን ቤት ለአንድ የካሚዮን ሹፌር ሰጥተው እኔን ወደ ማድ ቤቱ ገፉኝ። ባልሽ የት ነው ሲሉኝ፣ ከአንዲት የደብረ ወርቅ ሴት ጋር ኮበለለ እላለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ አዘነልኝ። ውሸቱን ደጋግሜ ከማውራቴ የተነሣ አንዳንድ ቀን ያቺን የሌለች ሴት አስቤ ከልቤ እናደድ ነበር።

ሹፌሩ ካፖራል ጁዜፔ ይባላል፤ ሰፈሩ ዮሴፍ አለው። ከደጀን ዕቃ እየጫነ ይመላለሳል። ደግ ሰው ነበር እንዳልል፣ ገበያው መሃል ሰው የተሰቀለበት ገመድ በሱ ካሚዮን ተጭኖ የመጣ ነው። ክፉ ነበር እንዳልልም፣ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሁለት ነገር ሲያገኝ ግን አገር መያዙንም ይረሳል። አንደኛው ምግብ ማብሰል ነው። ወንድ ልጅ፣ ያውም ወታደር፣ ሽርጥ ታጥቆ ሽንኩርት ሲከትፍ ለማየት የሰፈሩ ሴት በአጥር ሥር ይሰለፍ ነበር። ማካሮኒውን በሳሕን አድርጎ ይልክልኛል፤ ለውሻ ጣልኩት ብዬ አወራሁ እንጂ በልቼዋለሁ። ሁለተኛው ከአንገቱ የማይወርደው ካሜራ ነው። የማያነሣው ነገር የለም፤ አህያ፣ እንስራ፣ አጥር ላይ የተሰጣ ቀሚሴን ሳይቀር ያነሣል። የገዛ ቀሚሴ ከኔ በፊት ፎቶ ተነሣ።

አንድ ቀን አስተርጓሚውን ወልዴን አስከትሎ መጣ። ወልዴ የኛው አገር ልጅ ነው፤ ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ውሎ፣ ከቅኔው ይልቅ የጣልያን ደመወዝ ጥሞት የቀረ። ቅዳሜ ካፖራሉ የተወለደበት ቀን ነውና የአገሩን ዶሮ ወጥ ሥሪለት፣ ዶሮውንም ቅቤውንም እሱ ያመጣል አለኝ። እኔ የመሰለኝ ተዝካር ነው። ማን ሞቶበት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ማንም፤ እናቱም ደህና ናት። ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚደግሰው? ወልዴ ራሱ የገባው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ እምቢ ለጠላት አልሠራም አልኩ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ አላልኩም። እምቢ ማለት እንደማይቻል ታውቃላችሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳርጌ ከሄደ ወዲህ ሽሮ ብቻ ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቅቤ የሚባለውን በአፍንጫዬም ረስቼው ነበር። ለጣልያኑ ብዬ ሳይሆን ለዶሮዋ ብዬ እሺ አልኩ።

ወሬው ግን ሽንኩርቱ ሳይላጥ ጫካ ደረሰ። በኛ አገር ሴት ለወንድ ዶሮ ሠራች ማለት ምን ማለት እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። መንገድ ላይ ምን እየተጨመረበት እንደሄደ አላውቅም፤ ብቻ አንዳርጌ ጆሮ ሲደርስ እኔ ተድሬ አልቄ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራዬን ያዝኩ። ዶሮዋን በሎሚና በጨው ውሃው ጥርት እስኪል አጠብኩ፤ ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ በርበሬውን ጨመርኩ፣ ቅቤውን አሳረፍኩ። ካፖራሉ በየመሃሉ ገብቶ ያነሣል። ሽንኩርት ስከትፍ እንባዬን፣ ወጥ ሳማስል ክርኔን። ብርሃን አነሰ ብሎ ድስቱን ከነእሳቱ ወደ በሩ ካልጎተትን ሲለኝ በማማሰያው አባረርኩት። ደስ ብሎት ማማሰያውንም አነሣው።

እሱ ልብሱን ሊለውጥ ሄደ። ቀኑ ገበያ ነው፤ በሉማሜ በኩል የሚመጣው ሴት እንጨቱንና ጌሾውን ተሸክሞ ይጎርፋል። ከመሃላቸው አንዲት ረጅም ባልቴት፣ ጥርስ እንዳመመው ሰው አገጯን በነጠላ ጠቅልላ፣ ቀጥ ብላ ማድ ቤት ገባች። ቀና ብዬ ፊቷን ሳላይ እግሯን አየሁና ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። ያን እግር ስንት ዓመት አጥቤዋለሁ። አንዳርጌ ነው።

ነጠላውን ገለጥ አድርጎ ሽጉጡን አሳየኝ።

"ለማን ነው የምትሠሪው?" አለኝ።

"ለጣልያኑ።"

"ይብላ እንግዲህ። ከዚህ ወዲያ አይበላም።"

እዚህ ከገደልከው እኔንም ሰፈሩንም ያቃጥሉታል፣ አንተም ከበሩ አታልፍም፣ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። መልስ ሳይሰጠኝ ካፖራሉ ፀጉሩን ቅባት ቀብቶ፣ ካሜራውን አንጠልጥሎ፣ ከወልዴ ጋር ገባ። የባሌ አክስት ናቸው፣ እትዬ ይመኙሻል ይባላሉ፣ ጥርሳቸውን ታመው ከሉማሜ መጡ አልኩ። በልደት ቀን አሮጊት እናት ቤቴ መጣች ብሎ ካፖራሉ በደስታ የሚሆነውን አጣ። ክንዷን ይዞ ወስዶ ሞሰቡ ዘንድ፣ ከራሱ ጎን አስቀመጣት። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ሞሰብ ዙሪያ ሊገድል የመጣው፣ ሊገደል የተቀመጠውና ሁለቱንም የሚያስተረጉመው። እኔ ድስቱን ይዤ ቆሜአለሁ።

ዶሮ ብልቷ የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ ባለቤት አለው። ክንፉ ለልጅ፣ አንገቱ ለሠራችው፣ ፈረሰኛው ደግሞ፣ ያ የደረቷ ምርጥ፣ የአባወራው ነው። ሌላ ሰው አይነካውም፤ ቢበዛ ለከበረ እንግዳ ቢሰጥ ነው። እንጀራው ላይ ማውጣት ጀመርኩ። ሐሳቤ ሽጉጡ ላይ ነው፤ እጄ ብቻውን ይሠራል። ከተጋባን ጀምሮ የለመደውን ሠራ። ፈረሰኛውን አንሥቶ፣ ከካፖራሉ አሳልፎ፣ ከወልዴ አሳልፎ፣ ከእትዬ ይመኙሻል ፊት ቁጭ አደረገው። እትዬ ይመኙሻልም ጥርሳቸውን ረስተው አነሡት።

ወልዴ የቆረሳትን እንጀራ እንደያዘ ቀረ። ጣልያኑ ስለ ዶሮ ብልት ምን ያውቃል? ወልዴ ግን ከዚያው ሞሰብ ያደገ ሰው ነው።

"እሜቴ፣" አለኝ ድምፁን ሳያነሣ፣ "ፈረሰኛው ለባልቴት ሆነ እንዴ?"

አንዳርጌ ግራ እጁን ወደ ነጠላው ሥር ከተተ። ካፖራሉ አንዴ እኔን አንዴ ወልዴን እያየ ምንድን ነው የምትባባሉት ብሎ ጠየቀ። ወልዴ የባልቴቷን ቀኝ እጅ፣ ያን በባሩድ የጠቆረ ጣት፣ ቆም ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ካፖራሉ ዞሮ በጣልያንኛ ረጅም ነገር ተናገረ። እኔ ከሁሉም የያዝኩት ማማ የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ ደጋግሞታል። አለቀልን ብዬ ድስቱን መሬት አስቀመጥኩ።

የካፖራሉ ዐይን እንባ ሞላ። ወልዴ ኋላ እንደነገረኝ ያለው እንዲህ ነው፤ በዚህ አገር ሰው የተወለደበትን ቀን ሲያከብር፣ ይህቺ ብልት አምጣ የወለደችውን እናቱን ተክታ ለምትቀመጥ ባልቴት ትሰጣለች። ይህ ልማድ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በጎጃም አልነበረም፤ ከዚያች ደቂቃ ወዲህም የለም። ካፖራሉ ተነሥቶ ያን ባሩድ የጠጣ እጅ፣ ወጥ እንደነካው፣ ሳመው። ከዚያ ካሜራውን ለወልዴ ሰጥቶ፣ ባሌን በሁለት ክንዱ አቅፎ፣ ጉንጩን ከጉንጩ አስጠግቶ ፎቶ ተነሣ። አንዳርጌ አፉ ሙሉ ነበር፤ እንኳን ሊተኩስ መዋጥም አልቻለ።

ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅሎ ሲወጣ እስከ በሩ ሸኘሁት። "ለሱ ብዬ አይደለም የመጣሁት፤ ላንቺ ብዬ ነው" አለኝ። እንደዚህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። በፍርሃት የራደ ልቤ በምን ሲመታ እንደዋለ እኔው አውቃለሁ።

ወልዴ ግን ምስጢሩን በነፃ አልጠበቀልንም። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ብቅ አለና፣ "እሜቴ፣ ነገ ደግሞ የኔ ልደት ነው" አለኝ። በዚያ ዓመት ያልተወለደበት ወር የለም። ፈረሰኛውን እያነሣሁ ስሰጠው እረግመዋለሁ፤ እሱ ይመርቀኛል። ጣልያን ሲወጣ ሰዎች ባንዳ ብለው ሊጨርሱት ሲሉ አንዳርጌ መሃላቸው ገብቶ አስጣለው። ለምን እንዳዳነው ግን ለማንም አልተናገረም፤ እንዴት አድርጎ ይናገር?

ካፖራሉ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር የፎቶውን አንድ ቅጂ ለእትዬ ይመኙሻል ብሎ ሰጥቶኝ ሄዷል። አንዳርጌ ይቃጠል አለ፤ አቃጠልኩት ብዬ ልብስ ሣጥን ሥር ደበቅሁት። ከድሉ በኋላ አርበኛው ሁሉ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጠመንጃውን ተደግፎ ፎቶ ሲነሣ እሱ እምቢ አለ። አንዴ ተነሥቻለሁ፣ ይበቃኛል አለ። እንዳለውም ሳይነሣ ሞተ።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ልጆቹ የአባታችንን ፎቶ አሳድገን ግድግዳ ላይ እንስቀል ብለው ቤቱን አገላበጡት። ያለውን አወጣሁላቸው። ትልቁ ልጄ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ "ይቺ ጣልያን ያቀፋት ባልቴት ማን ናት?" አለኝ። አባትህ ነው አልኩት። አምስቱን ዓመት ሙሉ የተዋጋ ሰው ያለው ምስል ይኸው ነው። ተማክረው፣ ለሙት ዓመቱ የሚመጣውን ሰው አናስቅም ብለው መልሰው ሰጡኝ።

እኔ ግን ሲናፍቀኝ አወጣዋለሁ፤ ይናፍቀኛል። ጣልያኑን በአውራ ጣቴ እሸፍነዋለሁ፤ ነጠላው ውስጥ የአንዳርጌ ዐይን ይቀራል። በቅርብ ጊዜ የልጅ ልጄ መነጽር ገዝታልኝ መጀመሪያ ያየሁበት ይህን ፎቶ ነው። ያን ሰዓት እኔ ከወልዴ ጎን ቆሜ ነበር፤ ባሌ ቀና ቢል እኔን ነው የሚያየው። በመነጽሩ ጥርት አድርጌ ሳየው ዐይኑ እኔ ላይ የለም፤ ካሜራውም ላይ የለም። ሞሰቡ ላይ፣ ወጡ ላይ ተተክሏል። ላንቺ ብዬ መጣሁ ያለኝን ይዤ ስንት ዓመት ኖርኩ መሰላችሁ። መነጽሬን አውልቄ ትንሽ ከፋኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ ወጡንስ ቢሆን የሠራሁት እኔ አይደለሁ?