ለሳልመን የተላከ ቡላ

ሰው በማያውቀው ሰው አይቀናም። ጨረቃ ላይ በወጣው ሰውዬ ማን እንቅልፍ አጥቶ ያውቃል? ቅናት ጎረቤት ይወዳል። አብሮህ የበላ፣ አብሮህ የተኛ፣ ፈተና ላይ ከጎንህ ተቀምጦ አንገቱን ያሰገገ ሰው ይፈልጋል።

እኔ ለምሳሌ በሸምሱ እቀናለሁ።

ሸምሱ የቡታጅራ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ተኝተናል። ሁለታችንም ባዮሎጂ ተማርን። ስለ አሳ በሚያወራው ኮርስ እኔ ኤ አመጣሁ፣ እሱ ሲ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ፣ ለባለቤቴ እህትና ለትምህርት ቤታችን ዘበኛ ካልሆነ በቀር።

ዛሬ እኔ ወልቂጤ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። አሳ የሚተነፍስበትን ስንጥብ በጠመኔ እሥላለሁ። ሸምሱ ደግሞ በሰሜን፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አገር፣ ባሕር ውስጥ በመረብ ታጥረው የሚረቡ አሳዎችን ያጠናል። ሳልመን ይባላሉ። በስልኬ ላይ ብርቱካንማ ቱታ ለብሶ፣ አንዱን ሳልመን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ አየሁት። ላይክ አደረግኩ። ጣቴ ነው ያደረገው፤ እኔ የለሁበትም።

ቡታጅራ ባሕር የለም። ወልቂጤም የለም። በሌለን ነገር እኩል ነበርን። እኩልነታችንን ማን አፈረሰው?

ባለፈው ዓመት ደወለ። ሰላምታውን ከነቤተሰቤ፣ ከነጎረቤቴ አዳረሰና ችግሩን ነገረኝ። የአሳዎቹ መኖ እንክብል ነው፤ ባሕሩ ላይ ሲበተን ግን አሳዎቹ ሳይደርሱበት እየሟሟ ያልቃል። የሚያጣብቅ ነገር ፍለጋ ስንትና ስንት ዱቄት ሞከሩ። ታዲያ ሸምሱ አንድ ቀን ቡላ ትዝ አለው። ከእንሰት ተጨምቆ፣ ዘቅጦ የሚደርቀው ያ ነጭ ዱቄት ገንፎ ሲሆን ከማንኪያ አልላቀቅ የሚለው ለምንድን ነው? ለዚሁ ነዋ! ጉንችሬ ያለችው አክስቴ ንጹሕ ቡላ እንደምታወጣ ያውቃል። ላክልኝ አለኝ። ጥናቱ ሲታተም ስሜን እንደሚያስገባም ቃል ገባ።

ስሜ። በዓለም አቀፍ መጽሔት። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ጉንችሬ ወረድኩ። አክስቴ ወለቴ ነገሩን ሰምታ ብዙ ሳቀች። አሳ ቡላ የሚበላበት አገር ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰዎቹስ ምን ሊበሉ ነው? እንደምንም አስረዳኋት። የገባት ነገር ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ቡላው ባሕር ማዶ ለእንግዳ ሊቀርብ ነው። ሣምንት ቆይቼ እንድመለስ ነገረችኝ።

ስመለስ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ ሰጠችኝ። ደስ ብሎኝ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው የያዝኩት ክትፎ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። አክስቴ ዱቄቱን በቅቤ አሽታዋለች። ተነጥሮ፣ ኮረሪማና ኮሰረት በገባበት ቅቤ። በእኛ ዘንድ ቡላን ያለ ቅቤ ለእንግዳ መስጠት ነውር ነው፤ እንግዳው ክንፍ ይኑረው ቅርፊት፣ ለአክስቴ ለውጥ የለውም።

ጥናት በቅቤ ይበላሻል። ይህን ኤ ያመጣ ሰው ያውቃል። መልሼ ንጹሑን ማስወጣት ነበረብኝ። ቢያንስ ለሸምሱ መንገር።

አልነገርኩም። ቅናቴ በጆሮዬ «ሲ ያመጣ ሰው ይቻለው» አለኝ። ስሜ እንዲወጣ እፈልጋለሁ፤ ሸምሱ እንዲወድቅም እፈልጋለሁ። ሁለቱ አብረው እንደማይሆኑ ያኔ አልታየኝም። ቅናት ሒሳብ አይችልም። ጥቅሉን ቡታጅራ ወስጄ፣ ለእረፍት መጥቶ ወደ ባሕር ማዶ ለሚመለስ የሸምሱ ባልደረባ አስረከብኩ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሸምሱ ፎቶ ባልለጠፈ ቁጥር ልቤ ይፈነጥዛል። አሳዎቹ ታመው ይሆን? ተባሮስ ይሆን? ለአሳዎቹ ትንሽ አዘንኩ። ትንሽ።

አንድ ቅዳሜ ደወለ። ድምፁ ይዘምራል። ጥቅሉን እንደፈታ ጠረኑን አውቆታል፤ የቡታጅራ ልጅ ቅቤ ይጠፋዋል እንዴ? ሊጥለው ነበር። ከዚያ ግን እስቲ ለብቻው ይሞከር ብሎ፣ ከመኖው ጋር ለውሶ ለአንድ መረብ አሳዎች ሰጠ። እንክብሉ አልሟሟም። አሳዎቹ ደግሞ ተጋፍተው፣ ተራግጠው ጨረሱት። ምቀኛ አታሳጣኝ ብሎ የሚጸልየው ያገሬ ሰው ለካ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ነው።

«ቅቤውን አስበህበት ከሆነ» አለኝ ሸምሱ፣ «ስምህ ከእኔ ስም ቀጥሎ ይገባል።»

«አስቤበት ነው» አልኩት።

ቅመሙንና መጠኑን ጠየቀኝ። ኔትዎርክ ተቆራረጠብኝ አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ያለ ኔትዎርክ ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጉንችሬ ነኝ። አክስቴን መጠኑን ስጠይቃት በእጄ ነው የምለካው አለች። ምን ያህል ነው ስላት ይህን ያህል ብላ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ይህን እንዴት አድርጌ ልጻፈው? እያቅማማሁ ሳለ ሸምሱ በቪዲዮ ደወለ። አክስቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ከሰላምታው በፊት ጠየቀችው፦

«ልጄ፣ አሳዎቹ ጠገቡ?»

ጠግበዋል አላት። ተመስገን አለች። ከዚያ ቅቤውን እንዴት እንዳነጠረች፣ ለምን እንደጨመረች፣ ይህ የወንድሟ ልጅም ምንም እንዳላወቀ አንድ በአንድ ዘረገፈችለት። ሸምሱ መዳፏን ካሜራው ላይ አስዘርግቶ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስይዞ ለካ። ማስመሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እኔን «ማስመሪያውን ቀጥ አድርገው» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥናቱ ታተመ። ከሸምሱ ቀጥሎ ያለው ስም የአክስቴ ነው። የእኔ የለም። ምስጋናው ውስጥ ፈለግኩ፤ ጀልባ ነጂው እንኳ አለ። እንግዲህ ቅናቴን ከሸምሱ ላይ አንሥቼ በአክስቴ መቅናት ጀመርኩ ማለት ነው።

ጥናቱን በወረቀት አትሞ ለአክስቴ ማድረስ የእኔ ሥራ ሆነ። አክስቴ የአማርኛ ፊደል ትለያለች፤ ይህ ግን የፈረንጅ ነው። ስሟን አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ያንተስ የቱ ጋ ነው?»

ርዕሱን አየሁ። ሳልመኑ በላቲን ስሙ ተጠርቷል፤ ሁለት ቃል፣ ጎን ለጎን። ጣቴን እዚያ ላይ አሳረፍኩ።

«ከነአባትህ ጽፈውሃል» አለች አክስቴ፣ ወረቀቱን እየሳመች፤ «ያውም ከሁላችን በላይ።»