አሥራ አንዱ ሰርቨርና የእትዬ ስንዱ ክሊራንስ

የመሥሪያ ቤት ወንበር ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ነገ ቢሮ ስትገቡ እዩ። ከሥሩ በነጭ ቀለም የተጻፈ ረጅም ቁጥር አለ። ከጠረጴዛው ጀርባም አለ። እኛ ቢሮ ደግሞ የግድግዳ ሰዓቱም፣ የቆሻሻ ቅርጫቱም፣ በሩ እንዳይዘጋ የምናስደግፈው ድንጋይም ሳይቀር ቁጥር አለው። ድንጋዩን አጋነንክ እንዳትሉኝ፤ ጎንበስ ብዬ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ቁጥር የጻፉት እትዬ ስንዱ ናቸው። እትዬ ስንዱ የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ናቸው። ይቅርታ፣ ነበሩ። ይህቺን «ነበሩ» ለማለት የበቃሁት በስንት መከራ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

መሥሪያ ቤታችን ልደታ ነው፤ ከጌጃ ሰፈር ወደ ልደታ ማርያም ስትሄዱ። ስሙ ይቅርባችሁ። እኔ የሰርቨር ክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ሰርቨር ማለት፣ ለማታውቁት፣ የቢሮው ሰው ሁሉ ፋይሉንና ደብዳቤውን የሚያስቀምጥበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። እኔን የሚያስታውሱኝ እሱ ሲበላሽ ብቻ ነው። ደህና የዋለ ቀን «ዛሬስ ሰርቨሩ እንዴት ጥሩ ሠራ!» ብሎ ሻይ የጋበዘኝ ሰው የለም።

ድሮ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ አንድ ሰርቨር ነበረን። ለደብዳቤ አንድ፣ ለማህደር አንድ፣ ለሰው ኃይል አንድ። ክፍሉ በሙቀት ይነድ ነበር። ኋላ ቨርቹዋል የሚሉት ነገር መጣና ገላገለን። ሁለት ጠንካራ ሳጥን ይበቃል። በሳጥኖቹ ላይ አንድ ሶፍትዌር ይጫናል፤ እሱም ሳጥኑን ሸንሽኖ ብዙ ሰርቨር ያደርገዋል። እያንዳንዱ ሰርቨር ሳጥኑ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ይመስለዋል። ጌጃ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት አባወራ ሲኖር አይታችሁ የለ? በሩ አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ኑሮው ግን የየራስ። ልክ እንደዚያ ነው። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ በውኃ ተራ አይጣሉም።

ጣጣው የጀመረው ያኔ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው፣ ምን ልደብቃችሁ። ሳጥኖቹ በእርዳታ መጥተው በቀጥታ ወደ አራተኛ ፎቅ ስለወጡ በመጋዘን አላለፉም። እትዬ ስንዱ ደግሞ ያን ሰሞን ጉልበታቸውን አሟቸው ደረጃ መውጣት አልቻሉም። ስለዚህ መዝገባቸውን ይዘው ታች ጠበቁኝና፣ ስንት ሰርቨር እንዳለኝ ጠየቁኝ። ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ ምን ይላል? «ሁለት» ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ «አሥራ አንድ!» አልኩ። አሥራ አንድ ብለው ጻፉ። እኔም ፈረምኩ። እትዬ ስንዱ በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ሳያዩ የመዘገቡት ንብረት ያ ብቻ ነው።

ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ የእትዬ ስንዱ ጡረታ ደረሰ። ሰኔ ገባ፣ የዓመቱ ቆጠራ ተጀመረ፣ ተረካቢያቸውም ተመደበ። ተረካቢው ተካልኝ ይባላል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጥንቁቅ ነው። እስክሪብቶውን በክር ከኪሱ ጋር አስሮ የሚዞር ሰው ክፉ ሊባል አይችልም፤ ጥንቁቅ ነው።

ተካልኝ ወንበሩን ቆጠረ፣ ጠረጴዛውን ቆጠረ፣ ድንጋዩን ቆጠረ። ሁሉም ልክ። ከዚያ እትዬ ስንዱን ይዞ አራተኛ ፎቅ መጣ። ወደ ሰርቨሮቹ ጠጋ ብሎ «አንድ» አለ። ቀጥሎ «ሁለት» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

የቀሩት ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀኝ። ውስጥ ናቸው አልኩት። እንግዲያው ክፈተውና ልያቸው አለ። ማስረዳት ጀመርኩ። እኔ ሳስረዳ ነገር ይበልጥ እንደሚበላሽ ሚስቴም ትመሰክራለች። ስለ ግቢው ነገርኩት፣ ስለ ስድስቱ አባወራ ነገርኩት፣ አልገባውም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ፣ «በቃ፣ በአካል የሉም!» አልኩ።

«በአካል የሉም» በንብረት ክፍል ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተሰርቀዋል ማለት ነው። ተካልኝ ክሩን ስቦ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ያላየሁትን አልረከብም አለ። እውነቱን ነው እኮ! እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልፈርምም። እሱ ካልፈረመ ደግሞ እትዬ ስንዱ ክሊራንስ፣ ማለትም ከንብረት ዕዳ ነፃ ናቸው የሚል ወረቀት፣ አያገኙም። ክሊራንስ ከሌለ ከሥራቸው አይለቀቁም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ቀልድ መሆኑ የቀረው። የእትዬ ስንዱ ልጅ ሐዋሳ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። እትዬ ስንዱ የገንፎውን እህል አስፈጭተዋል፣ ቅቤውን አንጥረዋል፣ ሻንጣቸውን አስረዋል። የቀረው እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ የእኔን ዘጠኝ ሰርቨር እየጠበቁ ነው። የልጅ እናት አራስ ቤት ደርሳ ልጇን ካላረሰች እናትነቷ ምኑ ላይ ነው?

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «አይዞህ ልጄ፣ ይገኛሉ» አሉኝ። ይገኛሉ! የት ሄደው? ያን ዕለት ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ታክሲ ተሳፍሬ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። አፈርኩ። በአንዲት ቃል ጉራ የአንዲት እናት መንገድ ዘጋሁ።

በዚያው ሳምንት የዚያ ሳጥን ሸንሻኝ ሶፍትዌር አዲስ ስሪት ወጣ። አዲስ ስሪት ሲወጣ «ምን ምን ተጨመረ» የሚል ረጅም ገጽ አብሮ ይመጣል። እኔ ያንን ገጽ ማንበብ እወዳለሁ። ሰው የኳስ ዝውውር ሲያነብ እኔ ይህን አነባለሁ፤ ሚስቴ ተስፋ ቆርጣብኛለች።

ዘንድሮስ ያስነብባል። አንደኛ፣ ሰርቨር ማጥፋት ከፈለጋችሁ ስሙን በእጃችሁ እንድትጽፉ ያስገድዳል። ይህን ሳነብ «ወይ ጊዜ!» አልኩ። ለምን መሰላችሁ? ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የሙከራ ሰርቨር ልሰርዝ ብዬ የሠራተኛ መግቢያ ሰዓት የሚመዘግበውን ሰረዝኩት። ሦስት ቀን ሙሉ በቢሮው ያረፈደ ሰው አልነበረም፤ የሚመዘግብ የለማ። በኮሪደር ሳልፍ የሚመርቁኝ ሰዎች ብዛታቸው! የሰው ኃይል ኃላፊው ግን አልመረቁኝም።

ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ቁጥርና ማብራሪያ መለጠፍ ይቻላል። ልቤ ዘለለ። ቁጥር! ለንብረት ክፍል ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ሦስተኛ፣ አንዱን ሳጥን «ባዶ አድርግ» ስትሉት፣ ውስጡ ያሉት ሰርቨሮች ሥራቸውን ሳያቋርጡ በተራ በተራ ወደ ሌላው ሳጥን ይሻገራሉ። ድሮ አዲስ ስሪት ለመጫን ቢሮው እስኪዘጋ ጠብቄ፣ ሁሉንም አጥፍቼ፣ የበዓል ቀኔን እሠዋ ነበር። አሁን በሥራ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ይቻላል ይላል። ለዓይን እንዲመች ጥቁር ገጽም ተጨምሯል። አለቃችን የወደዱት እሱን ብቻ ነው።

እትዬ ስንዱን ለመንኳቸው። አንዴ ደግመው አራተኛ ፎቅ ይውጡልኝ፣ ሰርቨሮቹን ላሳይዎት አልኳቸው። ጉልበታቸውን እያሻሹ ወጡ። ከአጠገቤ ወንበር ሳብኩላቸው። መጀመሪያ ሥሩን አዩ።

አዲሱን ስሪት አስቀድሜ ሳጥኖቹን በማዝበት ኮምፒውተር ላይ ጭኛለሁ፤ የቀረው ሳጥኖቹ ላይ መጫን ነው። የመጀመሪያው ሳጥን ስድስት ሰርቨር አለበት፣ ሁለተኛው አምስት። «ባዶ አድርግ» የሚለውን «በስመ አብ» ብዬ ነካሁ። ገጽ ላይ የተጻፈና የሚሆን ነገር መቼም አንድ አይደለም። የደብዳቤው ሰርቨር ቀድሞ ተነሳ። በስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ መስመር እየሞላች፣ እየሞላች ሄደች፤ ሰርቨሩም ከአንዱ ሳጥን ስም ሥር ጠፍቶ ከሌላው ሥር ብቅ አለ። እትዬ ስንዱ ስልካቸውን አውጥተው መዝገብ ቤት ደወሉ። ሥራ ቆሟል ወይ ብለው ጠየቁ። ኧረ አልቆመም፣ ደብዳቤ እየጻፍን ነው ተባሉ። ሁለተኛው ተሻገረ። ሦስተኛው ተሻገረ።

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ንብረት ከክፍል ወደ ክፍል የሚወጣው ሞዴል 22 በሚባለው ቅጽ ተፈርሞ ነው። እዚህ ግን ስድስት ንብረት ዓይናቸው እያየ ያለ ቅጽ ሄደ! አሁን ራሳቸውን ይስታሉ ብዬ ፈራሁ። ስድስተኛው ሲሻገር ጭናቸውን መታ አደረጉ።

«አንተ! እነዚህ እኮ ዕቃ አይደሉም» አሉ። «ከብት ናቸው!»

ለካ እትዬ ስንዱ እኛ ጋ ከመዛወራቸው በፊት በመንግሥት የወተት ላም እርባታ ንብረት ክፍል ነበሩ። ላም ጠዋት ከአንዱ ጋጣ ወደ ሌላው ስትሄድ ማንም ቅጽ አይሞላም አሉ። የጆሮዋ ቁጥር አለ፣ ጋጣዋ ይታወቃል፣ በቃ። ቆጠራ ማለት ጋጣ መቁጠር ሳይሆን የጆሮ ቁጥር ማየት ነው። «እናንተ ጋጣ ስትቆጥሩ ነው የተጣላችሁት» አሉኝ። እኔ ለተካልኝ ስንት ቀን ያላስረዳሁትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ቀናሁ ብላችሁ አልዋሽም።

ባዶው ሳጥን ላይ አዲሱን ስሪት ጫንኩ። ጠፍቶ ተነሳ። ሁሉንም ወደሱ አሻግሬ ሁለተኛው ላይም ጫንኩ። እሱም ተነሳ። አሥራ አንዱም አረንጓዴ! እፎይ! ወንበሬ ላይ ዘርፈጥ አልኩ። ታች ያለው ሠራተኛ ምን እንደተደረገ እንኳ አላወቀም። ይህ ነው እንግዲህ የእኔ ሥራ፤ ማንም ሳያውቅልህ መደሰት።

እትዬ ስንዱ ግን አላረፉም። ወርደው ከመሳቢያቸው ሥር የቆየ ጥራዝ ይዘው ተመለሱ። «የቁም እንስሳት መመዝገቢያ» ይላል። ከእርባታው ሲዛወሩ አብሯቸው የመጣ፣ ገጹ ያላለቀ ጥራዝ ነው። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ ከስክሪኑ አነባለሁ። የጆሮ ቁጥር፤ እዚያው በአዲሱ ስሪት እየለጠፍን። ጋጣ፤ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ሳጥን። የተወለደበት ቀን፤ ሶፍትዌሩ ያውቀዋል። እናት፤ ይህም አለ፤ አሥራ አንደኛው ከአራተኛው ተባዝቶ የወጣ ነውና «እናት፦ ቁጥር አራት» ተባለ። ክትባት የወሰዱበት ቀን፤ ዛሬ። ልክ ነዋ፣ አዲስ ስሪት ማለት በአብዛኛው በሽታ መከላከያ ነው።

ተካልኝ ተጠራ። ቅጹን ሲያይ ፊቱ በራ። እኔ ለካ ለእሱ ማብራሪያ ሳይሆን ቅጽ ነበር መስጠት የነበረብኝ። አንድ በአንድ የጆሮ ቁጥሩን ከስክሪኑ ጋር አመሳከረ። አንዱን አሻግረህ አሳየኝ አለ፤ አሻገርኩለት። «አሥራ አንድ» አለ። እስክሪብቶውን በክሩ ሳበው። እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ከዚያ ቆመ። ሁለት ዓምድ ባዶ ነው አለ። ባዶ ዓምድ ያለበት ቅጽ ላይ አልፈርምም አለ። አየሁት። አንዱ «ፆታ» ይላል። ሌላው «የወተት መጠን በቀን» ይላል።

ቀልቤ ተገፈፈ። እዚህ ደርሰን? ስለ ወተት ምን ብዬ ላስረዳ? እትዬ ስንዱ ግን አልተደናገጡም። ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ባለው ረድፍ ሁሉ «ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ» እያሉ ጻፉ። የወተቱን ዓምድ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በአንድ ሰረዝ አጠፉት። ወንድ አይታለብም። ተካልኝ አሰበ። አሰበና አመነ። ፈረመ። ማኅተሙም ዷ አለ።

እትዬ ስንዱ አቅፈው ሳሙኝ። ዓርብ ሐዋሳ ገቡ፤ ልጃቸው እሑድ ወለደች። ደውለው ሲነግሩኝ ሰዓቱን፣ ክብደቱን፣ ቁመቱን በቅደም ተከተል ነገሩኝና «ሁለቱም በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» ብለው ጨረሱ። እንባዬ መጣ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ከትከሻዬ ላይ ስንት ኪሎ እንደወረደ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስልኩን ልዘጋው ስል አንድ ነገር ከነከነኝ። የቅጹ ቅጂ ፊቴ ነበር።

«እትዬ ስንዱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቁጥር አራትን ወንድ ብለን ጽፈነዋል። ቁጥር አሥራ አንድን ደግሞ የወለደው እሱ ነው ብለናል።»

በዚያ በኩል ሕፃኑ ያለቅሳል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ተፈርሟል አይደል?»