ገበያ የበተነው ሻምበል

እውነት መስማት የፈለገ ሰው መርማሪ ባይቀጥር ይሻለዋል፤ ጉረኛ ይጋብዝ። አብሉት፣ አጠጡት፣ «ለመሆኑ በጉብዝናህ ወራት ምን ሠራህ?» በሉት። መርማሪ ሦስት ወር ደክሞ የማያገኘውን በሁለት ብርሌ ይዘከዝክላችኋል። ይህን የምለው ጉረኛ ጠልቼ አይደለም፤ እንዲያውም እወዳቸዋለሁ። የሚያስፈራኝ ዝምተኛው ነው። አባቶች «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል፤ ሳይነቅዝ የተቀመጠው ምን እንደሆነ ግን ክዳኑን ከፍቶ ያየ የለም።

ጃንሆይ በዙፋናቸው በነበሩ ጊዜ እኔ ሞጣ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርሁ። ድሬሰር ማለት ሐኪም ሲጠፋ ሐኪም፣ ሐኪም ሲመጣ ባልዲ ተሸካሚ ማለት ነው። ከሐረር ተመድቤ ስለ መጣሁ የአገሬውን ወግ የተማርሁት ቁስል እያጠብሁ ነው፤ የሚያመው ሰው ደግሞ ብዙ ያወራል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አንድ የጦር አውሮፕላን ከደቡብ በኩል መጣና ከዋርካው ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ በገበያው ላይ አለፈ። ማለፉ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ዞሮ ተመለሰና ክንፉን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ በሬው በበርበሬው ላይ፣ ፍየሉ በሸማው ላይ፣ ሰውም በሰው ላይ ሆነ። እኔ እስከ ምሽት የተላጠ ጉልበት ስጠግን ዋልሁ። ሰው አልሞተም፤ የከፋው የደረሰው ግን በወይዘሮ የሺወርቅ ላይ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሞጣ ተቀምጠው ከግንደወይን ቅቤ እየጫኑ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ያላቸው ሀብት አንዲት በቅሎ ነበረች። እሷም ደንብራ ገደል ገባች።

በዚያ አገር አጥፊው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ አውጫጭኝ ይቀመጣል። አገሬው ዋርካ ሥር ይሰበሰባል፤ ያየም የሰማም ይናገራል፤ አጥፊው ሳይወጣ ነገሩ አይዘጋም። ለአውሮፕላኑም ተቀመጡ። ሳቃችሁ? እኔም ስቄ ነበር። ሰብሳቢው ሽማግሌ ቀኛዝማች ውበቱ ግን አልሳቁም። «ብረት ብቻውን አይሄድም፤ ውስጡ የሰው ልጅ አለ። ያ ሰው እስኪገኝ ነገሩ እንዳደረ ይቆይ» አሉ። ነገሩም ዓመት ዓመትን እየተካ አደረ።

አሁን ሻምበል ይኄይስን ላስተዋውቃችሁ። እኩያዬ ስለሆነ አንቱታውን ለምክር ቤት ትቼለታለሁ። ቢቸና ተወልዶ፣ በአየር ኃይል አብራሪ ሆኖ፣ ጆሮው ሲደክም በጡረታ ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። «ከቢቸና ሞጣ ሩብ ሰዓት ነው» ይል ነበር፤ እኛ በበቅሎ ሁለት ቀን የምንሄደውን። ቢቸናዎች ለማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት መረጡት። እዚያም ሁለት ዓመት ስለ ቄራና ስለ ባለቤት አልባ ውሻ ሲከራከር ቆይቶ ሰለቸው። የፈለገው ፓርላማ መግባት ነበር። ሰማዩን ከለቀቀ ወዲህ የሚናፍቀው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ራሱ ነግሮኛል፦ ዳግመኛ ሰው ቀና ብሎ እንዲያየው።

ቢቸና ላይ ወንበሩን የሚጠብቅ ባላባት ስለነበረ ሞጣን መረጠ። ለመወዳደር በቦታው ርስት ይጠየቅ ነበር፤ እሱም በእናቱ በኩል እዚያ ነበረው፤ ጎጃም ውስጥ አያቱን አጥርቶ የቆጠረ ሰው የሆነ ቦታ መሬት አያጣም። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብሎ ንግግር ጸሐፊው እኔ ሆንሁ። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ክረምት ሲሞላ ቅቤ ነጋዴውን ሁሉ ወዲያ ማዶ የሚያስቀረው ወንዝ ላይ ድልድይ፤ ሁሉን አሰካክቼ ጻፍሁለትና «ከወረቀቱ እንዳትወጣ» አልሁት።

በገበያ ቀን ዋርካው ሥር ቆሞ እስከ ድልድዩ ድረስ አሳምሮ አነበበ። ከዚያ ሕዝቡን አየ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«የሞጣ ሕዝብ ሆይ! ዛሬ ገና ያያችሁኝ ይመስላችኋል? ከዓመታት በፊት፣ በገበያ ቀን፣ በአውሮፕላን መጥቼ የእናቴን አገር ክንፌን ነቅንቄ እጅ የነሣሁ እኔ ነኝ!»

እልልታ እየጠበቀ ቆመ። ቀኛዝማች ውበቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ተገኘ» አሉ።

እዚያው በቆመበት እጩው ተከሳሽ ሆነ። ጠጋ ብዬ «ካድ! አብራሪ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?» አልሁት። ሊሰማኝ አልፈለገም፤ ወይም ጆሮው ነው። ቀኛዝማች የደረሰውን አንድ በአንድ ነገሩት። «በመድኃኔ ዓለም አላወቅሁም! ሰው ሲሮጥ አይቻለሁ፤ ሊቀበለኝ የሚሮጥ ነበር የመሰለኝ» አለ።

እኔ ይህን አምናለሁ። ከላይ ሆኖ ለሚያይ የሚሸሽ ሰውና የሚቀበል ሰው አንድ ነው። ይህ ደግሞ በአብራሪ ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ፤ ወንበሩ ከፍ ያለ ሁሉ ያገኘዋል።

ሽማግሎቹ መክረው ፈረዱ። ከቢቸና የመጣባትን በቅሎ ለወይዘሮ የሺወርቅ ይስጥ፤ ድንጋይም ተሸክሞ ደጃቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይለምን። ሻምበል ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ፣ ድንጋዩን አንገቱ ላይ አደረገ፣ ገበያው ሁሉ እየተከተለው ሄደ። እውነት ለመናገር እንባዬ መጣ፤ ከሳቄ ጋር አንድ ላይ ስለ መጣ ግን አላፈርሁበትም።

ወይዘሮ የሺወርቅ ከደጅ ወጥተው አዩት። «ይቅር ለእግዜር» ብለው ድንጋዩን አወረዱለት። ከዚያ ቀጠሉ፤ «ድምፅ ልትለምን ነው የመጣኸው አሉ?»

«አዎን፣ እሜቴ።»

«እሱን አስብበታለሁ።»

ወደ ቢቸና የተመለሰው በእግሩ ነው። ያ ድልድይ የሌለው ወንዝ እስከ ደረቱ ደርሶ ነበር። ሩብ ሰዓት የሚለውን ነገር ከዚያ ወዲያ ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ተመረጠ። ቀኛዝማችን ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ማንም ሳይዘው ጥፋቱን የሚናገር እንደራሴ ከየት እናመጣለን?» አሉኝ።

አራት ዓመት አለፈና ምርጫ መጣ። ሌሎቹ እጩዎች ነገሩን ተምረውታል፤ ሦስቱም አንገታቸው ላይ ድንጋይ አድርገው ገበያ ወጡ! አንደኛው የበደለውን ሰው ቢያጣ ጊዜ በየቤቱ እየዞረ «እባካችሁ አስታውሱ» ይል ነበር። የሰው ርስት በመንቀል የታወቀው ደግሞ በልጅነቱ ስለ ሰረቃት አንዲት ዶሮ እየተንሰቀሰቀ ተናዘዘ። ስለ ርስቱ ምንም አላነሣም።

ሻምበል ይኄይስ መጨረሻ ላይ ባዶ አንገቱን መጣ። ወይዘሮ የሺወርቅ ከቅቤያቸው አጠገብ ሆነው ጠሩት።

«ልጄ፣ በእነዚህ አራት ዓመታት ማንን በደልህ?»

«ማንንም አልበደልሁም፣ እሜቴ። ምንም አላደረግሁም።»

«ድልድዩንስ?»

«እሱንም አላደረግሁም» አለ ቀስ ብሎ።

«ያን ጊዜ የበተንኸው የአንድ ቀን ገበያ ነበር» አሉት። «ይኼ የአራት ክረምት ነው።»

ሻምበል ክርክር አልገጠመም። ወደ ገበያው ዳር ሄዶ ድንጋይ መረጠ፤ ትልቁን። ተሸክሞ መጥቶ ፊታቸው አጎነበሰ። ገበያው «ያውርዱለት!» እያለ ለመነ። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጠፉ።

«እመርጠዋለሁ፤ እናንተም ምረጡት፤ ከባለ ዶሮው ይሻላል። ድንጋዩን የማወርድለት ግን ድልድዩ ላይ ቆሜ ነው።»

እንዳሉትም ተመረጠ። ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ እስከ ደጀን ሸኘሁት። ድንጋዩን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሊያስጭን ሲል ሾፌሩ አይቶት ሳቀ። «ጌታዬ፣ አዲስ አበባ ድንጋይ የለም ብለው ነው?»

«ድንጋይስ ሞልቷል» አለው ሻምበል። «የሚያሸክም ሰው ነው የሌለው።»