ካሜራማን ሁሉ የተጋበዘበት ምሳ

የሰርግ ካሜራማን ከሰው ጋር መጫወት አይችልም! አዎ፣ እኔም ራሴ የሰርግ ካሜራማን ነኝ፤ የምሰድበው የገዛ ወገኔን ስለሆነ መብቴ ነው። እስቲ አስቡት... ሰው ሲጨፍር እኛ ወንበር ላይ ተሰቅለናል፤ ሰው ሲበላ እኛ ባትሪ እንቀይራለን። ከሰው ልጅ ጋር የምናወራው «ወደዚህ ዞር በሉ» እና «ፈገግ በሉ» ብቻ ነው። ሌላውን ጨዋታ ከረሳነው ቆየን።

ታዲያ እንዲህ ዓይነቶቹን ፍጡራን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ «ተዋወቁ፣ ተጫወቱ» ማለት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ይኸው ተደረገ! ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ባለሙያዎች ጉባኤ ተጠራ። ጥሪው በዋትሳፕ ደረሰኝ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ሁዳዴ ይገባል።

«ሁዳዴን እዚህ ምን አመጣው?» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ የኔ ጣጣ ሁሉ ከእሱ ነው! ሳጃና ሰፈር ያለችው ስቱዲዮዬ የምትኖረው በሐበሻ ሰርግ ነው። ጾም ሲገባ ደግሞ ሐበሻ አያገባም። እስከ ፋሲካ ድረስ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ጉርድ ፎቶ ከሚነሳ አንዳንድ ሰው በቀር በሬን የሚያንኳኳ የለም። ኪራዩ ግን አይጾምም! ስለዚህ ዘንድሮ የሄድኩት ቆርጬ ነው፦ ኡስታዝ ከማልን አግኝቼ ለጾሙ ወራት ሥራ ልለምን። ኡስታዝ ከማል ማለት የካርቱም ትልልቅ ሰርግ ሁሉ በእጃቸው የሚያልፍ፣ የእኛ ሙያ አባት ናቸው። ሱዳኖች ደግሞ በእኛ ጾም ምክንያት ሰርጋቸውን አያቆሙም።

ምክሩ የሳሚራ ነው። ሳሚራ እናቷ ጎንደሬ፣ አባቷ የኦምዱርማን ሰው፣ እሷ የሁለቱም አለቃ ናት። ወንድ የማይገባበትን የሴቶቹን የሂና ድግስ የምታነሳው እሷ ስለሆነች የማታውቀው ቤተሰብ የለም። ሆቴሉ በር ላይ ክራባቴን እያስተካከለች፣

«ዳኒ፣ ስማኝ፤ ዛሬ ግድግዳ መደገፍ ማፊ! የለም!» አለችኝ።

«ምን ብዬ ልጀምር?»

«ሰላም በል፣ ኬፍ ሐላክ በል፣ ከዚያ ሥራ እፈልጋለሁ በል። ኺላስ፣ አለቀ!»

«እንዲህ በቀላሉ?»

«ሙሽራ ሙሉ ቀን የምታዝ ሰውዬ አንድ ሽማግሌ ትፈራለህ? ያላ፣ ግባ!»

ገባሁ። ኡስታዝ ከማል ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ትልቁ መስኮት አጠገብ ቆመዋል። ቀረብኩና እጅ ነሳሁ። የሱዳንን ሰላምታ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጤና እንዴት ነው፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ እንዴት ነው... ወደ ጉዳዩ እስኪደረስ ሻዩ ይቀዘቅዛል። በዚህ መሃል ታዲያ አንድ ችግር መጣ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ፊቴን ትጠብሰኛለች፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። ካሜራማን ደግሞ ብርሃኑ ከጀርባው ካልሆነ ያመዋል! ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ? ሳላስበው ቀስ ብዬ በእሳቸው ዙሪያ ወደ ቀኝ ዞርኩ። አሁን ፀሐይዋ የእሳቸውን ፊት መታች። እሳቸውም ሳያስቡት ቀስ ብለው ዞሩ።

«ልጆች ደህና?»

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ!» ዞርኩ።

«ሥራስ?» ዞሩ።

«ሥራውማ ኡስታዝ...» ዞርኩ።

በሩቅ ለሚያየን ሁለት የሚዋጉ አውራ ዶሮዎች ነው የምንመስለው። «ሥራውማ... እንዲያውም እኔ...» ብዬ ጀግንነቴን ስሰበስብ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ከተደረደረው የከርከዴ ብርጭቆ አንዱን በክርኔ መታሁት! ከርከዴን ታውቁታላችሁ፤ ያ ደም የመሰለው ቀይ መጠጥ። አሁን የኡስታዝ ከማል ነጭ ጀለቢያም አወቀው። እሳቸው ጨዋ ናቸው፤ «መዓሌሽ፣ መዓሌሽ፣ ምንም አይደል» እያሉ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዱ። እኔም ወደ ግድግዳዬ ተመለስኩ።

ምሳ ሰዓት ደረሰና ቡፌው ተከፈተ። የበግ ጥብሱ ይጨሳል፣ ሩዙ ተቆልሏል፣ ወንበሮቹ ሪባን ታስሮላቸው ተሰድረዋል... የሚቀመጥ ግን ጠፋ! ዙሪያዬን ባይ ተጋባዡ በሙሉ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ግድግዳ ተደግፏል። ለካ የሙያችን ሕግ ይዞን ነው! የሰርግ ካሜራማን እንግዳ በልቶ ሳይነሳ ምግብ አይነካም። እንግዳው ሲጠግብ ጓዳ በር ላይ ቆመን የተረፈችውን ጎረስ ጎረስ እናደርጋለን። እና ያ ሁሉ ሰው... እንግዶቹን እየጠበቀ ነው!

የአስተናጋጆቹ አለቃ ግራ ተጋብቶ ወደ እኛ መጣ።

«እንግዶቹ መቼ ይመጣሉ?» ብሎ አጠገቤ የቆመውን ባለካሜራ ጠየቀው።

«መንገድ ላይ ናቸው፣ ኢንሻአላህ» ብሎት እርፍ!

አለቃው አንገቱን ነቀነቀና የምግቡን ክዳኖች መልሶ መክደን ጀመረ። ወገኖቼ፣ ቅበላ እኮ ነው! ሥጋ ልሰናበት የቀረኝ ዛሬና ነገ ብቻ ነው! ጠዋት ደግሞ ኡስታዝን በመፍራት ቁርስ እንኳን አልቀመስኩም። በጉ ዓይኔ እያየ ሲከደን ሆዴ አመፀ። ሳሚራ ከማዶ ሆና «ተው፣ ተው!» እያለች እጇን ታወናጭፋለች። እኔ ማንን ልስማ?

«ቆይ፣ አትክደነው!» ብዬ ጮህኩ። «እንግዶቹ እኮ እኛው ነን!»

ሳህን አነሳሁና ሞላሁት። ምን ያህል እንደሞላሁት አትጠይቁኝ፤ በሁለት እጄ ነው የተሸከምኩት። ባዶው አዳራሽ መሃል ብቻዬን ተቀምጬ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ወደ አፌ ሳስጠጋ... ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ግድግዳው ሁሉ ተነቅሎ መጣብኝ! ለካ የሚነሳ ነገር አጥተው ነው እንደዚያ ደርቀው የቆሙት።

«አንተ ሐበሻ፣ ቀና በል!»

«ቀስ ብለህ ጉረስ!»

«እኔን አመለጠችኝ፤ ሥጋዋን መልስና እንደገና አንሳት!»

አንዱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ሌላው መሬት ላይ ተጋድሞ ከሥር ያነሳኛል፤ ሦስተኛው መብራት ደቅኖ ዓይኔን አጠፋው። እኔም የዋህ ነኝና ሥጋዋን እየመለስኩ እንደገና አነሳሁላቸው! መረቁ በአገጬ እየወረደ፣ ፈገግ በል ሲሉኝም ፈገግ እያልኩ በላሁ። መብላቱን ግን አላቆምኩም።

ግርግሩ ጋብ ሲል ፊት ለፊቴ ቆመው ያገኘኋቸው ኡስታዝ ከማልን ነው። ጀለቢያቸው ደረት ላይ ቀይ ካርታ ተስሏል።

«አንተ ሥራ እንደምትፈልግ ሳሚራ ነገረችኝ» አሉ።

ጉርሻዬን ሳላኝከው ዋጥኩት። «አዎ ኡስታዝ! እስከ ፋሲካ ድረስ...»

«ያነሳሃቸውን ፎቶዎች አሳይታኛለች፤ እጅህ ጥሩ ነው። ግን ሳህንህንም አየሁት።» በረጅሙ ተነፈሱ። «ልጄ፣ ባለፈው ሰርግ ሙሽራዋ ስትገባ ካሜራማኔ የት ነበር? በጉ ጋ! የአባቷን ዓይን ማየት አቃተኝ። እኔ የምፈልገው ምግብ ከፊቱ ተዘርግቶ ዝም የሚል ሰው ነው። አንተ ደግሞ...»

ሳህኔን አዩት። እኔም አየሁት። የቀረው አጥንት ብቻ ነው።

አለቀልኝ! ጾሙን ሙሉ ባዶ ስቱዲዮ ውስጥ ዝንብ ሳባርር ታየኝ። ማፈሬስ? ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በሚጥሚጣው እንዳላሳብብ ምግቡ ሚጥሚጣ አልነበረውም። ይኼኔ ሳሚራ ሰው እየገፋች ደረሰችልኝ።

«ኡስታዝ! ሰኞ እኮ ጾማቸው ይገባል!»

«ቢገባስ?»

«ሥጋ ማፊ! ቅቤ ማፊ! ወተት፣ እንቁላል ማፊ! እስከ ፋሲካ! እናቴን አውቃታለሁ፤ በጉን አፏ ድረስ ብታመጡላት አትነካም!»

ኡስታዝ ከማል ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኬክስ?»

«እንቁላል አለበት።»

«አይስክሬምስ?»

«ወተት ነው።»

«ባቅላዋ?»

«ቅቤ!»

«ወላሂ?»

«ወላሂ ኡስታዝ! ከከርከዴ በቀር የምነካው ነገር የለም።»

«ከርከዴውንም ተወው» አሉ ደረታቸውን እያዩ። ቀጥሎ ግን ፊታቸው በራ፤ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ። «ሐሙስ ኦምዱርማን ሰርግ አለ። ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። እስከ ፋሲካችሁ ድረስ ያለው ሰርግ ሁሉ ያንተ ነው!»

ሳሚራ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ደስታው ልቤን ነፋውና እዚያው ላይ ማቆም አቃተኝ። የሰው ነገር እንዲህ አይደል? ሲሰጡት ይጨምራል።

«ኡስታዝ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ከፋሲካ በኋላስ? ሥራዬን ከወደዱት... እንደው በቋሚነት...»

እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አነሱ።

«በምን ዕዳዬ!» አሉኝ። «እኔ የቀጠርኩት ጾምህን ነው እንጂ አንተን አይደለም!»