በሩብ ሳንቲም እንጨርስ

የእድሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዴንቨር አጠገብ ባለችው በአውሮራ ከተማ በሚገኘው በወ/ሮ ጌጥነሽ ሳሎን ለ8 ሰዓት ተጠርቶ 9፡20 ላይ ተሰበሰበ።

የተገኙ፦ አቶ ወልደገብርኤል (ሰብሳቢ፣ ከሴንቴኒያል)፣ አቶ ደምሰው (ገንዘብ ያዥ፣ ከሊትልተን)፣ ወ/ሮ ጌጥነሽ (አባል)፣ አቶ ምናሉ (ጸሐፊ፣ ከዴንቨር)። አቶ ዳኛቸው፣ እሳቸውም ከዴንቨር፣ ተሳፋሪ ይዘው እየነዱ በስልክ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የአውሮራ ማዘጋጃ ቤት የእግረኛ መንገድ ለሌላቸው ጎዳናዎች ማሠሪያ እንዲሆን በአንድ ዶላር ግማሽ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ እንዲጨመር ለመራጩ ባቀረበው ጥያቄ ላይ አቋም መያዝ።

ወ/ሮ ጌጥነሽ የመናገር ዕድል ጠየቁ። ሰብሳቢው ሻዩ ይቅደም ስላሉ ተራቸው ተላልፏል።

አቶ ደምሰው «የመጨረሻ ዋጋውን መጀመሪያ የሚጠራ ነጋዴ አይቼ አላውቅም» ካሉ በኋላ፣ አባላት «አዎ» ወይም «አይ» ከማለት ተቆጥበው የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ «በሩብ እንጨርስ» ብለው እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው በሩብ መጀመር ሞኝነት መሆኑን ገልጸው ከሩብ ሩብ እንዲጀመር ጠየቁ። አቶ ደምሰው ሰብሳቢው ቤታቸውን ከተጠየቁት በላይ ከፍለው መግዛታቸውን አስታወሱ። ሰብሳቢው ይህ በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አዘዙ። አቶ ዳኛቸው ሁለቱንም ደግፈው፣ ተሳፋሪያቸው ስለደረሰ ስልኩን ዘጉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ከሩብ ሩብ ተጀምሮ በሩብ እንዲያልቅ፣ ማዘጋጃ ቤቱ እምቢ ካለ ሽማግሌ እንዲላክ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ አፈጻጸም።

ዋጋውን የሚጽፍ መራጭ ሲፈለግ፣ ጥያቄው የቀረበው ለአውሮራ ነዋሪ ብቻ ስለሆነ የሴንቴኒያልና የሊትልተን ነዋሪዎች ወረቀት ላይ እንደሌለ ታወቀ። የዴንቨሮቹም እንዲሁ፤ ጸሐፊው ደግሞ ገና ዜግነት አላገኘም። ከኮሚቴው የአውሮራ መራጭ የቤቱ ባለቤት ወ/ሮ ጌጥነሽ ብቻ ሆነው ስለተገኙ የመናገር ዕድል ተሰጣቸው።

«ከአውቶቡስ ወርጄ እስከ ሥራዬ የምሄደው በመኪናው መንገድ ላይ ነው» አሉ። «አምና በበረዶው አንዱ በስፖኪዮው ክርኔን መታኝ። በፖስታ የመጣልኝን የምርጫ ወረቀት ማክሰኞ የድምፅ ሣጥኑ ውስጥ ከትቼዋለሁ።»

ሰብሳቢው ምን ብለው እንደመረጡ ጠየቁ።

«አቶ ወልደገብርኤል፣ ሻይ ልድገምልዎ?» አሉ ወ/ሮ ጌጥነሽ።

አቶ ደምሰው ወረቀቱ ከሣጥኑ እንዲመለስ ጠይቀው ደጋፊ አላገኙም።

በአጀንዳ 1 የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ፣ ኮሚቴው ወ/ሮ ጌጥነሽ የመረጡትን፣ ምንም ይሁን ምን፣ እንደመረጠ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ስብሰባው 11፡35 ላይ ተበተነ። አባላት መኪናቸውን ራቅ አድርገው ፓርክ ስላደረጉና የእግረኛ መንገድ ስለሌለ በአስፋልቱ ጠርዝ በሰልፍ ሄዱ። አካሄዱን የሚያውቁት ወ/ሮ ጌጥነሽ ከፊት መሩ።