የአድናቆት ጉድለት

የታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ታላላቅ ሐሳቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚወለዱት ከኀፍረት ነው። የውሃ ቆጣሪ ጥገና መምሪያ ሥራ አስኪያጅ በአንድ የኃላፊዎች ስብሰባ የሻይ ዕረፍት ላይ፣ ስለዚያ ሽልማት በሽልማት ስለሆነው የድሮ ሙዚቃዊ ፊልም ሲወራ፣ «ከዘፈኖቹ የትኛውን ይወዳሉ?» ተብለው ተጠየቁ። እሳቸው እንኳን ዘፈኑን ሊሰሙ ፖስተሩንም አላዩም። «ሁሉንም፣ በእኩልነት» ብለው መለሱ። ሰው ሳቀ።

በማግስቱ ጠዋት ለመላው ሠራተኛ ሰርኩላር ወጣ። ሰርኩላሩ ሠራተኛው ፊልሙን እንዲያይ አይልም፤ እንዲያደንቅ ነው የሚለው።

ደብዳቤውን ቁጥር ሰጥታ ፋይል ያደረገችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ነበረች፤ ሰዉ ሁሉ «እትዬ መዝገብ» ይላታል። ባለቤቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበር። ገና ሳይጋቡ ያንን ፊልም በማጫወቻው ክፍል ጠባብ መስኮት፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው፣ አሥራ አንድ ጊዜ አይተውታል። ስለዚህ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አንብባ ደስ አላት። ቤቷ ያለውን ዲቪዲ በነጠላ ጠቅልላ አመጣች።

ፊልሙን አስቀድሞ የሚመረምር የአድናቆት ዐቢይ ኮሚቴም ተቋቋመ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ የጥገና ክፍሉ ኃላፊና የሕግ አማካሪው በር ዘግተው ተቀመጡ። እትዬ መዝገብ ማጫወቻውን ትነካካለች።

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?» አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ። «እኛ የያዝነው አርባ አምስት ደቂቃ ነው።»

«ብልሽቱ የት እንዳለ አግኝቼዋለሁ» አለ የጥገና ኃላፊው። «ሰዎቹ ደህና ሲያወሩ ቆይተው ድንገት ይዘፍናሉ። ያ ጎረምሳ ‹እወድሻለሁ› ለማለት ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ይኼ ግልጽ ብክነት ነው።»

«ዘፈኑ ይቆረጥ እያልክ ነው?» አለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ።

«ይቆረጥ አይባልም» አለ የሕግ አማካሪው። «‹በአባሪነት ይያያዝ› ነው የሚባለው። ግጥሙ ተተይቦ ለየሠራተኛው ይታደላል።»

እትዬ መዝገብ ከማጫወቻው ቀና አለች። «ሙዚቃዊ ፊልም እኮ ነው። ዘፈኑ ከወጣ ምን ይቀራል?»

«ሽልማቱ» አለ የሕግ አማካሪው።

በአድናቆቱ ዕለት መቶ አሥራ አራት ሠራተኛ አዳራሽ ገባ፤ ወንበር ስለማይበቃ ግማሹ ቆመ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ የፈጀው ፊልም በእውነት የሚደነቅ ነበር። ሰዎች በር ከፍተው ይገባሉ፤ በማይታወቅ ምክንያት ፊታቸው በርቶ ይወጣሉ። ዋናዋ ተዋናይ መስኮት ከፈተች፣ አየር ሳበች፣ አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ምሳ እየበላች ተገኘች። ሁለቱ ወጣቶች ተያዩ፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ልጃቸው ትምህርት ቤት ገባ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ባጨበጨበች ቁጥር አዳራሹ ያጨበጭባል።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ተነሡ። «በተለይ ዘፈኖቹ» አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ዘፈኖቹ ልቤን ነክተውታል።»

ከዚያ ቅጽ ታደለ። ሦስት ሣጥን አለው፦ አድንቄአለሁ፣ እጅግ አድንቄአለሁ፣ አላደነቅሁም። ሦስተኛው የገባው ለቅጹ ማማር ነው።

እትዬ መዝገብ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቷታል። ከመሥሪያ ቤቱ ፋይሎች ሁሉ ቀጭኑ የእሷ ነው፤ አንዲት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ገብታበት አታውቅም።

አጠገቧ የተቀመጠው ሾፌር ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ዝም ብለው ያድንቁ። ስንቱን አድንቀን የለም እንዴ?»

«ስንቱን አድንቄአለሁ» አለች። «ይኼን ግን ከእሱ ጋር ነው ያየሁት።» ሦስተኛው ሣጥን ላይ ምልክት አደረገች። ምልክቱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ደረሰ። ቁጥር የሚሰጥ ሌላ ሰው ስለሌለ ራሷ ቁጥር ሰጠችው፣ ማኅተም መታችበት፣ በገዛ ፋይሏ ውስጥ አስገባችው። ከደብዳቤው ጋር የአምስት ቀን የአድናቆት ማሻሻያ ሥልጠና ተፈርዶባታል። ችግሩ አሠልጣኝ መጥፋቱ ነበር፤ ኮሚቴው እንኳ እየዘለለ ስላየው፣ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ያየ ከእሷ በቀር ማንም የለም። የሕግ አማካሪው መመሪያውን አገላብጦ፣ ሠልጣኟ ራሷን እንዳታሠለጥን የሚከለክል አንቀጽ እንደሌለ አረጋገጠ።

ሰኞ እትዬ መዝገብ አዳራሹን ዘግታ ያልተቆረጠውን ፊልም ከፈተች። መስኮቱ ተከፈተ፣ አየሩ ተሳበ፣ ዘፈኑ መጣ። በበሩ ሥር ሾልኮ ኮሪደሩን ሞላው። ጸሐፊዎቹ መተየብ አቆሙ። ሾፌሩ ቁልፍ ለመመለስ መጥቶ ግድግዳውን እንደተደገፈ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ሲያልፉ ጥበቃውን ጠየቁት። «ይኼ ድምፅ ምንድን ነው?»

«ቅጣት ነው፣ ጌታዬ።»

«ጥሩ ነው። ተጠናክሮ ይቀጥል።»

ማክሰኞ ሾፌሩ አዲስ ቅጽ ሞልቶ አስገባ፤ «በጥሞና ሳስበው አላደነቅሁም» ይላል። ወዲያው ለሥልጠና ተላከ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰው አለማድነቁን አመነ። ሐሙስ የጥገና ኃላፊው ዓይኑ ቀልቶ ከአዳራሹ ወጣ፤ ስለ ሰባቱ ደቂቃ ሲጠይቁት «አጠረብኝ» ብሎ ብቻ አለፈ። እትዬ መዝገብ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ፊልሙን ትታ የሰዉን ፊት ታያለች። ዓርብ ጠዋት የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቅጽ ይዛ ስትመጣ መቀመጫ አልቆ ስለነበር መስኮት ላይ ተቀመጠች። የአምስቱ ቀን ሥልጠናም ጥፋተኛው ስለበዛ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ።

ሥራ አስኪያጁ ለበላይ አካል የላኩት ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ከፍተኛ ጥረት ብናደርግም በመምሪያችን ለፊልሙ ያለው አድናቆት ከዘጠና ዘጠኝ በመቶ ወደ ዜሮ ወርዷል። በዚሁ ምክንያት በአዳራሹ መቀመጫ ስላነሰን ስልሳ ተጨማሪ ወንበሮች በአስቸኳይ እንዲላኩልን፣ ከእነዚህም አንዱ ባለ መደገፊያ ሆኖ ለእኔ እንዲሆን በማክበር እጠይቃለሁ።»