ሞኝ፣ ወረቀትና ቀስት

ፊደል አልቆጠርኩም። ወረቀት አንብቤ ግን ሰው ድሬያለሁ። አትሳቁ! ወይም ሳቁና ስሙኝ።

እኛ ሰፈር፣ እንጦጦ ግርጌ፣ ብሩክ የሚባል ኢንጂነር ከሲ.ኤም.ሲ መመላለስ ጀመረ። የምመላለሰው ለአየሩ ነው ይላል። አየሩ ጫልቱ ትባላለች። የጋሽ ቶላ ልጅ ናት።

ጋሽ ቶላ ዕድሜያቸውን በባህር ዛፍ የኖሩ፣ ጠማማ ግንድ በሩቁ የሚለዩ ሰው ናቸው። ብሩክ እሳቸውን ላስደምም ብሎ ዘመናዊ ቀስት አስመጣ። ሁለቱም ጫፉ ላይ መዘውር አለው። ቀስት ይሁን መኪና የገጨው ብስክሌት፣ እኔ አልለየሁትም። ፊታቸው ቆሞ አንድ ቢተኩስ፣ ፍላጻዋ እንደ ውሻ ጭራዋን እየቆላች ሄዳ ቅጠል ውስጥ ገባች።

ጋሽ ቶላም፣ ፍላጻህ ቀጥ ብላ የሄደች ቀን ሽማግሌ ላክ ብለውት ወደ ቤታቸው ገቡ። በቃ። የሰው ትዳር በፍላጻ ላባ ተንጠለጠለ።

ብሩክ ችግሩን ወዲያው አገኘው። የተማረ ነዋ! "ማረፊያው ነው" አለኝ። እኔ የማውቀው ማረፊያ ሁለት ነው፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ አንዱ ፖሊስ ጣቢያ። ለካ ፍላጻዋ የምትጋደምባት ሚጢጢ ብረት ናት። ብሎን ሲዞር ግራና ቀኝ ትላለች። የፀጉር ያህል ከተዛነፈች ፍላጻዋ ትሰክራለች አለ።

ምርመራው በወረቀት ነው። እኔ አሮጌ የመስኮት ፍሬም ላይ ጋዜጣ ወጥሬ አቆምና ዞር እላለሁ፣ እሱ ሁለት ሦስት እርምጃ ርቆ ይተኩሳል። ክብ ቀዳዳ ከሦስት የላባ ጭረት ጋር ከወጣ ጤና ነው። ወረቀቱ ወደ ጎን ከተቀደደ ሕመም። ንባብ የእኔ ድርሻ ሆነ። "ወደ ግራ ተቀዷል፣ ጌታው!" እላለሁ፤ ብሎኑን ያዞራል። "አሁን ወደ ቀኝ!" እላለሁ፤ ይመልሳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ጋዜጣ እንዲህ በጥንቃቄ ተነቦ አያውቅም። ብሎኗ ራሷ አዙሯት መውደቅ ቀራት።

አንድ እሑድ ጋሽ ቶላ ብቅ አሉ። ፀሐዩ ከሯል፤ አልቧቸዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ዒላማው አጠገብ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉ። ዒላማ የምንለው ጭድ የጠቀጠቅንበት ማዳበሪያ ነው፤ አንዲት ጭረት የለበትም። ከዚያ መጥተው ጎናችን ቆሙ። ብሩክ ቀስቱን ወጥሮ አነጣጥሯል። እሳቸው ዒላማውን ትተው እጁን አዩ። የቀስቱን መያዣ፣ በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ የቆመ ሰው ብረት እንደሚይዝ፣ አንቆ ይዞታል። ጣቶቹ ነጥተዋል።

"አንተ ልጅ፣ ምን አድርጎህ ነው የምታንቀው?"

"ጋሼ፣ ማረፊያው ሁለት ሚሊ ..."

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ወረቀቱስ ወረቀት ነው። አንተ ምን ሆነህ ነው? ኧረ ላላ አድርገው!"

ብሩክ ደነገጠ። መዳፉ ላላ። በዚያው ድንጋጤ ጅማቱ ከእጁ አመለጠ።

እንዴት ያለ አካሄድ! ጭራ መቁላት የለ፣ ወገብ መስበቅ የለ፣ እንደ ክር ቀጥ። ማዳበሪያውን አልፋ፣ የጋሽ ቶላን ባርኔጣ በስታ፣ ከኋላው ግንድ ላይ ተተከለች።

ጫልቱ ቤታቸው በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ብሩክ የቁልቁለቱን መንገድ በዓይኑ እየለካ ነው። ጋሽ ቶላ ቀስ ብለው ሄደው ባርኔጣቸውን አወረዱና ለእኔ ሰጡኝ።

"አንተ ንባብ ጀምረሃል አሉ። በል አንብብ።"

አነበብኩ። ክብ ቀዳዳ፣ ሦስት ጭረት። "ጤና ነው፣ ጋሼ" አልኩ፤ የራሴን ጤና እየተጠራጠርኩ።

"ቀጥ ትበል እንጂ ትምታ አላልኩም" አሉ። "ቃል ቃል ነው። ሽማግሌ ላክ። ባርኔጣም ግዛ!"

አዲስ ባርኔጣ ተገዛላቸው። ሠርጉ ላይ ያደረጉት ግን ቀዳዳውን ነው። አማቼ ቀጥተኛ ሰው ነው፣ ማስረጃው ይኸው እያሉ ለእንግዳው ሁሉ አዞሩት።

ብሩክስ ተማረ? ምን በወጣው! እስከ ዛሬ ለጠየቀው ሁሉ፣ ብሎኑን ሩብ ዙር ወደ ግራ ነው ያደረግኩት ይላል። እኔ ደግሞ ቀስቱን ሲያነሳ ሳይ ባርኔጣዬን ከራሴ አወርድና ብብቴ ሥር ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ። ሞኝ በሉኝ። የያዝኩትን አልለቅም።